በላስቲክ የታሸገ የአጋታ ክሪስቲ መጽሐፍ ስትገዙ ተጠንቀቁ

አሮጌ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በላስቲክ ጠቅልለው የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ትናንት 900 ብር ከፍዬ የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን «ፖስተርን ኦፍ ፌት» ወሰድኩ። ሻጩ «ከምርጦቿ አንዱ ነው፤ የመጨረሻ ሥራዋ» አለኝ። የመጨረሻ መሆኑስ እውነት ነው፤ በፈረንጆቹ 1973 ሲወጣ 83 ዓመቷ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ልብ ወለድ አልጻፈችም። የ1972ቱ «ኤሌፋንትስ ካን ሪሜምበር» ላይ ዕድሜና ዓመተ ምሕረት እንደሚምታታ እያወቅሁ ቀጣዩን ማመኔ ያንገበግበኛል።

አጀማመሩ ልብ ይሰቅላል። በ1922 መጽሐፏ ወጣት ሆነው የተዋወቅናቸው መርማሪዎቹ ባልና ሚስት ቶሚና ተፐንስ አርጅተው አሮጌ ቤት ገዝተዋል። ተፐንስ ከቤቱ ጋር ከተረከበቻቸው የልጆች መጻሕፍት መካከል የስቲቨንሰንን «ዘ ብላክ አሮው» ስትገልጥ አንዳንድ ፊደላት ተሰምሮባቸው ታገኛለች። ለቅማ ስታገጣጥማቸው ሜሪ ጆርዳን የሞተችው ሰው ገድሏት እንደሆነ፣ ገዳይዋም ከቤተሰቡ አንዱ እንደሆነ የሚናገር መልእክት ይወጣል። መልእክቱን የተወው ልጅም ሳያድግ ተቀብሯል። ከዚህ የበለጠ መነሻ የለም!

ከዚያ ግን ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ያወራሉ፤ የተነገረው ትንሽ ቆይቶ እንደ አዲስ ይነገራል፤ ፍንጭ ይጣላል፣ የሚያነሳው ይጠፋል። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ደስታው ጨርሰን ወደ ኋላ ስንገልጥ «ለካ ዓይኔ ሥር ነበር» ማለታችን ነው። እዚህ ብትገልጡም የተቀበረ ነገር አታገኙም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ የስለላ ጉዳይ ነው ተብሎ በወሬ ይነገራችኋል፣ አለቀ።

ዛሬ ጠዋት ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጠው ሻጩ የተቀደደውን ላስቲክ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «እህቴ፣ መጨረሻውን ስላልወደድሽው ነው የምመልስልሽ?» አለኝ። ትናንት ልክፈተው ስለው የከለከለኝ እሱ ራሱ ነው። ከኋላው መደርደሪያ የሚያስተካክለው ልጅ ሽፋኑን አየና «እሱ መጽሐፍ ዛሬም ተመለሰ?» አለ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ያውቁ ነበር! ደጋግሞ የተመለሰባቸውን መጽሐፍ በአዲስ ላስቲክ አሽገው ነው የሸጡልኝ።

ላስቲኩን አስከፍቱ። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የድጋሚ ኅትመቱን ሳይሆን የመጀመሪያውን ኅትመት ዓመት እዩ፤ 1972 ወይም 1973 ከሆነ ተዉት። ሌሎቹ መጻሕፍቷ «ከርተን» 1975፣ «ስሊፒንግ መርደር» 1976 ቢሉም ሁለቱም የተጻፉት ገና ሳታረጅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለሆነ እነሱን ሳትፈሩ ግዙ።