ሱሉልታ ላይ የሞተር ፍሬን የሚሠራ ለምትፈልጉ

ሰላም የሞተር ሰዎች። ይቺን የምጽፈው ምስጋና ስላለብኝ ነው።

የፊት ፍሬኔ አመሉ ከፍቶ ነበር። ስጨብጠው ሙልጭ ብሎ መያዣው ድረስ ይገባል፣ ደግሜ ስጨብጠው ይጠነክራል። ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት ዕቃ ጭኜ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ስወርድ ግን የለም። አንድ ጋራዥ (ስሙን እንተወው) ሁለቴ የፍሬን ሸራ ቀየረልኝ፣ ሁለቴም ከፈልኩ፣ ፍሬኑ ያው። በዚያ ላይ የፍሬን ዘይት የቤንዚን ታንከሩ ላይ አንጠባጥበው ቀለሙን ላጡት።

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ጋሼ የሚባሉ መካኒክ ጋ ላከኝ። ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች፣ ታፔላ እንኳ የሌላት ቆርቆሮ ቤት። ጋሼ ፍሬኑን ሦስት አራቴ ጨበጥ ጨበጥ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ ሸራ አይደለም፣ አየር ነው» አሉኝ። ታንከሩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ሲከፍቱ ዘይቱ ቡና መስሏል። ለካ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ እርጥበት ሲገባበት ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የሚጠፋብኝ ለዚህ ነበር።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። «ጨብጥ፣ ያዝ፣ እንዳትለቅ!» ይላሉ፣ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ ያለችውን ብሎን ፈታ ያደርጋሉ፣ ያጠብቃሉ፣ «በል ልቀቅ»። በቀጭን ቱቦ አረፋው እየተግተለተለ ሃይላንድ ውስጥ ይወርዳል። እጄ እስኪዝል ድረስ! አሁንም ትንሽ ይለሰልስ ነበር። እልኸኛው አየር ላይኛው የቱቦ ብሎን ጋ ተደብቆ ኖሮ እሱንም አስወጡት፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹን ቀየሩ፣ የደረቁትን የካሊፐር ፒኖች አጽድተው ግራሶ ቀቡ። ማታ ፍሬኑን ከመያዣው ጋር በላስቲክ ጥፍር አድርገው አሰሩና «ነገ ና» አሉኝ። ጠዋት ስጨብጠው ድንጋይ!

ለእጃቸው የጠየቁኝ 600 ብር ብቻ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

ለቸኮለ ሰው ግን አይሆኑም፣ ስልክም አያነሱም። ቦታውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ዘይቱን ያልተከፈተ ገዝታችሁ ሂዱ፤ የተከፈተ ካዩ ይመልሷችኋል። እኔን መልሰውኛል።