አሮጌ ጋዜጣ ይዘው ክፍላችን ለመጡት ባለሙያ ምስጋና፤ ለትምህርት ቤቶችም ጥቆማ

በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ፣ ከቤተ መጻሕፍት ሥራ በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አባት ለዜግነት ትምህርት ተማሪዎቼ የምርመራ ጋዜጠኝነትን፣ ማለትም የተደበቀን እውነት አጣርቶ የማውጣትን ሥራ፣ ለማስረዳት ስላደረጉት ሁሉ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸው እንዲነሳ ባይፈቅዱም፣ ሥራቸው ሳይነገር መቅረት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

እኚህ አባት ለብዙ ዓመታት የሰበሰቧቸውንና ከጣና እርጥበት ጠብቀው ያቆዩአቸውን የ«አዲስ ዘመን» እትሞች ይዘው ወደ ክፍላችን መጡ። የምርመራ ጋዜጠኝነትን ትርጉም በማስጻፍ ፈንታ የ1965 ዓ.ም. ገጾችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ስለ ወሎ ረሃብ የተጻፈ ነገር እንዲፈልጉ ተማሪዎቹን አዘዟቸው። ልጆቹ ጠርዙ የተቦጨቀውን ወረቀት በጥንቃቄ እየገለጡ ከፊታቸው በነበሩት ገጾች የሹመትና የጉብኝት ዜና አገኙ እንጂ የተራበ ሰው ቃል አላገኙም። አንዲት ተማሪ «ታዲያ ሕዝቡ ከማን ሰማ?» ብላ ጠየቀች። እርሳቸውም የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ ለእይታ ማቅረባቸውን፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ የረሃብ ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን መታየቱን አስረዱ። ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ የዚያን ጊዜ ጋዜጠኛ ቢሆን ኖሮ ማንን፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅና የትኛውን ሰነድ እንደሚያገላብጥ እንዲጽፍ አደረጉ። እኔ ለወራት ካስተማርሁት ይልቅ ይህ ጥያቄ ልጆቹን አነቃቅቷቸዋል።

ከዚህ ቀጥለው፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዚያው 1966 ዓ.ም. ነሐሴ 3 ቀን ሥልጣን መልቀቃቸውን አነሱ። የዋሽንግተን ፖስት ዘጋቢዎች የዋተርጌትን ጉዳይ፣ ማለትም የኒክሰን ተቀናቃኝ ፓርቲ ቢሮ ተሰብሮ የተገባበትንና ሊሸፋፈን የተሞከረውን ቅሌት፣ ከአንድ የሌብነት ክስ ተነስተው ቢከታተሉትም፣ ጋዜጣው ብቻውን ፕሬዚዳንቱን እንዳላወረደ፣ ፍርድ ቤትና ሴኔት የየራሳቸውን ምርመራ እንዳካሄዱ አበክረው ተናገሩ። ይህን ማለታቸውን በተለይ ወድጄዋለሁ፤ ጋዜጠኛ ያወጣውን እውነት የሚቀበል ተቋም ከሌለ ዘገባው ወረቀት ላይ ይቀራልና። በመጨረሻም የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 29 አንብበው፣ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል በዚያ መደንገጉን አሳዩ።

የባሕር ዳርና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም የታሪክና የዜግነት መምህራን፣ እንዲጋብዟቸው ከልብ እጠቁማለሁ። ከባጃጅ መጓጓዣ በቀር ክፍያ አይቀበሉም። ሰፊ ጠረጴዛና ከመስኮት ፀሐይ የራቀ ክፍል ይፈልጋሉ፤ ተማሪዎቹም እጃቸውን ታጥበውና አድርቀው እንዲገቡ ይጠይቃሉ። መጋበዝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።