ልጅ ይዛችሁ ካምፒንግ ለመውጣት ካሰባችሁ ይሄን ሰው ሳታናግሩ እንዳትወጡ

ሰላም ቤተሰብ። እንዲህ ረዘም አድርጌ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፣ ግን ይሄን ሰው ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍም አይወስደኝ። ከ6 አመት ልጄ ጋር የመጀመሪያ ካምፒንጋችንን ወጥተን በሰላም ተመልሰናል። ልጄ ገና ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ "አባዬ መቼ ነው ደግመን የምንሄደው?" እያለኝ ነው። ይሄ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ድንኳንና የመኝታ እቃ ያከራያል፣ ከፈለጋችሁ ደሞ ራሱ አብሯችሁ ወጥቶ ያድራል። ስሜን በየቦታው አትጻፍ ስላለኝ እዚህ አልጽፈውም፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ፣ እሱን አስፈቅጄ ነው።

መጀመሪያ ግን የሆዴን ልናገር። ከሱ በፊት ያገኘኋቸውን ሰዎች ስማቸውን አላነሳም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ። አንደኛው ቀብድ ተቀበለኝ፣ "ጠዋት በር ላይ ነን" አለኝ፣ ልጄ በደስታ ጫማውን አላወልቅም ብሎ ከነጫማው ተኛ፣ በነጋታው ጠበቅን ጠበቅን ማንም የለም፣ ስልኩ ዝግ። እስከዛሬም ዝግ ነው። እኔ ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ፣ ልጄ በመስኮት እያየ መኪና በመጣ ቁጥር "እነሱ ናቸው?" እያለ የጠየቀኝ ነው ያቃጠለኝ። ሌላኛው ድንኳን አከራየኝ፣ ቤት ወስጄ ስዘረጋው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፣ ዚፑ አይዘጋም፣ ካስማው ጎድሏል። ደውዬ ስነግረው "ለአንድ ሌሊት እኮ ነው፣ ምን አነሰው" ብሎ ተቆጣኝ። ልጁ ይበርደዋል ስለው ያለኝን ደሞ እስክሞት አልረሳውም፣ "ከሰል አቀጣጥለህ አስገባ፣ ይሞቃችኋል" ነው ያለኝ።

ይቺን ከሰል የምትባል ነገር ለአሁኑ ሰው ስነግረው ፊቱ ነው የተለወጠው። ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ከሰልም ሆነ ማንኛውም የሚነድ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ የጠፋ የመሰለ ፍምም ቢሆን አይገባም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ነው የሚገድለው። እስቲ አስቡት፣ ያንን ሰውዬ ሰምቼው ቢሆንስ? አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። እባካችሁ ይሄን ለሚወጣ ሰው ሁሉ ንገሩ።

የዚህ ወንድማችን ልዩነቱ ከስልኩ ይጀምራል። ዋጋ ሳያነሳ ስለ ልጄ ነው የጠየቀኝ። ሌሊት ይነቃል ወይ፣ ምን ይፈራል፣ የማይስማማው ምግብ ወይ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ ከቤት ውጪ አድሮ ያውቃል ወይ። ድንኳኑን ቀደም ብሎ ሰጠኝና "እቤት ትከሉትና ይጫወትበት፣ መጀመሪያ እዚያ ይልመደው" አለኝ። ልጄ ሳሎን ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ሌላ ያለኝ፣ ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ልብስና ደረቅ ካልሲ ለብቻው ያዝ፣ ቀን የዋለበትን ለብሶ አይተኛ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ከምትከምር ከስር የሚነጠፈው ላይ በርታ ምክንያቱም መሬቱ ነው ሙቀቱን የሚወስደው። እውነቱን ነው፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ እግሩ ሞቆ ነው ያደረው። የመውጫችን ቀን ደሞ መብረቅና ዝናብ ሊኖር ይችላል ብሎ ራሱ ደውሎ አዘዋወረው፣ "ቀኑ ካልተመቸህ ቀብድህን አሁኑኑ እልክልሃለሁ" አለኝ፣ ሳልጠይቀው! ድንኳን ከመብረቅ አያስጥልም፣ ነጎድጓድ ከሰማችሁ መኪና ውስጥ ግቡ፣ የመጨረሻውን ድምፅ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ሳትቆዩ አትውጡ ብሎኛል።

እዚያ ስንደርስ ዝም ብሎ አልተከለም፣ ዞር ዞር ብሎ ቦታውን አየ። ጎድጎድ ያለው ቦታ ለኔ ጥሩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ውሃም ቅዝቃዜም ወደ ዝቅታው ነው የሚወርደው። ከላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ያለበት ዛፍ ስርም እምቢ አለ። ለልጄ ፊሽካ አንገቱ ላይ አሰረለትና እንደ ጨዋታ አለማመደው፣ "ከአባትህ ከተለየህ አትሩጥ፣ ያለህበት ቁም፣ ዛፍ እቀፍና 3 ጊዜ ንፋ"። ልጄ ዛፍ ለዛፍ እያቀፈ ሲነፋ ጆሯችን ሊበጠስ!

አንድ ነገር አስተውያለሁ። እኔ ድንኳን መትከል የማላውቅ ሰው ነኝ፣ እሱ ግን ልጄ ፊት አንድም ጊዜ "እንደዚህ አይደለም" አላለኝም። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ "ገመዱን ወደራስህ ሳብ፣ ካስማውን ዘንበል አድርገህ ምታው" ይለኝና ዞር ይላል። ድንኳኑ ሲቆም ልጄ "አባዬ ነው የሰራው!" አለ። የረጅም መንገድ ሹፌር ነኝ፣ ልጄ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀኝ በስልክ ነው፣ ቤት ስገባ ሁሌ መጀመሪያ ያፍረኛል፣ እናቱ ጀርባ ይደበቃል። እና ያን ቀን "አባዬ ነው የሰራው" ሲል ምን እንደተሰማኝ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ይሄ ሰው ያን ቃል ለኔ ትቶልኛል፣ ለራሱ መውሰድ ሲችል።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። ልጄ ነቃ። ንፋስ ተነስቶ ላይኛው ሸራ ይርገበገባል፣ ከሩቅ የሆነ ወፍ ይጮሃል፣ አንገቴን አንቆ "እማዬ ጋ እንሂድ" ብሎ ለቅሶ። ባባብለው ባባብለው እምቢ። ሰውዬው ሰምቶ መጣ፣ ሰተት ብሎ አልገባም፣ ውጪ ቁጢጥ ብሎ "ልግባ ወይስ ትወጣላችሁ?" አለ፣ የጠየቀውም ልጄን ነው። ወጣን። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ይለዋል ብዬ ስጠብቅ "መሄድ እንችላለን እኮ የኔ ጌታ" አለው። "መኪናዋን አየሃት? ፊቷን ወደ መንገዱ አዙሬ ነው ያቆምኳት። ቁልፉን እንካ አንተ ያዘው። በፈለግከው ሰአት እንሂድ ካልክ እንሄዳለን፣ ማንም አይቆጣህም"። ሹፌር ነኝና ስንደርስ መኪናዋ ዞራ መቆሟን አይቻለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ ነው የገባኝ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ልጄ ሌሊት ሊፈራ ይችላል ብሎ አስቦ ነው እንደዛ ያቆማት። የትኛው ሰው ነው ለሰው ልጅ እንዲህ የሚያስብ?

ልጄ ቁልፉን ጨበጠና ለቅሶው ቀነሰ። ከዛ ሰውየው የሚርገበገበውን ሸራ ልጄን በእጁ አስነካውና የላላውን ገመድ አጠበቀው፣ እንዴት እንደቋጠረው አሁንም አልገባኝም ግን ድምፁ ጠፋ። ቀጥሎ ባትሪውን አጥፉ አለን፣ አይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ደማቅ መብራት ባየ ቁጥር እንደገና መልመድ ይጀምራል አለን። ተቀመጥን። ቀስ እያለ ዛፉም መንገዱም ይታየን ጀመር፣ ሰማዩማ አይወራም። ልጄ "ጋሼ፣ እነዚህ ኮከቦች ሁሉ ትላንትም ነበሩ?" አለው። "ነበሩ፣ የከተማው መብራት ነው የሚሸፍናቸው" አለው። ትንሽ ቆይቶ ልጄ ራሱ "አባዬ እንቅልፌ መጣ" ብሎ ድንኳኑን ከፈተ። ቁልፉን ግን አልመልስም ብሎ ይዞት ተኛ፣ ሰውየውም "ይያዘው" አለ።

እኔ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፣ ብዙ ሰው አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ግን ጥቂት ነው ያየሁት። ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ በስራ ምክንያት ከልጃችሁ የራቃችሁ አባቶች፣ እባካችሁ ይሄን ሰው ያዙት። ስትደውሉ የልጁን እድሜና የሚፈራውን ነገር አትደብቁት፣ እሱ ላይ ተመስርቶ ነው ሁሉን የሚያዘጋጀው። ብዙ ቤተሰብ በአንዴ ይዞ አይወጣም፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ዋጋውን ከሱ ጠይቁ፣ እኔ ግን ለልፋቱ በጣም ትንሽ ነው የጠየቀኝ ባይ ነኝ።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው ፈጣሪ ያክብርህ፣ ልጆችህን ይባርክልህ። ልጄ "ለጋሼ ሰላም በልልኝ" ብሏል። ከመንገድ እንደተመለስኩ እደውልልሃለሁ፣ ቀን ያዝልን።