ሥራዬን ወደ ባንጋሎርና ወደ ማኒላ ልኬ ያገኘሁት

ለክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ ሶፍትዌር እሸጣለሁ። ድርጅቴ ትንሽ ስለሆነች ሁለት ሥራዎችን ወደ ባሕር ማዶ ላክን፦ የስልክ መተግበሪያውን ግንባታ ባንጋሎር ላለ የፕሮግራመሮች ድርጅት፣ የሌሊቱን የደንበኞች ድጋፍ ደግሞ ማኒላ ላለ የጥሪ ማዕከል ሰጠን። የማኒላውን ውል አድሼዋለሁ፤ የባንጋሎሩን አላደስኩትም። የሕንዶቹ ሙያ ያነሰ ሆኖ ግን አይደለም። እንዲያውም ኮዳቸው ንጹሕ ነበር።

ማኒላ የሚደርሱት ጥያቄዎች ተደጋጋሚ ናቸው፦ የይለፍ ቃሌ ጠፋብኝ፣ ቀጠሮዬ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ፣ የማስታወሻ መልእክት አልደረሰኝም። ለእያንዳንዱ መልሱን ጽፈን ሰጠን፤ ከዚያ ውጭ ያለውን እየመዘገቡ ለጠዋት እንዲያቆዩልን ተስማማን። እንደተባለው አደረጉ። አልፈው ተርፈውም በመመሪያችን ውስጥ እርስ በርስ የሚጋጩ መልሶችን ለቅመው ላኩልን፤ ይህ በውሉ ውስጥ አልነበረም። የእኛ ሌሊት ለእነርሱ ማለዳ ነው፤ ይህም ዋጋውን ያቀለዋል። የፊሊፒንስ የሥራ ሕግ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ቢያንስ 10 በመቶ ተጨማሪ እንዲከፈል ያዛል። ለአሜሪካ ደንበኞች የሚሠሩት ባልደረቦቻቸው ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጋሉ፤ የእኛዎቹ ግን በቀን ሠርተው ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ሰዎቹ ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጡብን አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

እንዲህ ስል የጥሪ ማዕከል ሁሉ ይሳካል ማለቴ አይደለም። የኮምፒውተር አምራቹ ዴል እ.ኤ.አ. በ2003 ደንበኞቹ ስላማረሩ የድርጅት ደንበኞቹን የስልክ ድጋፍ ከባንጋሎር ወደ አሜሪካ መልሶታል። ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሥቶም አልሠራ ያለው የቴክኒክ ባለሙያ ከተጻፈ መመሪያ የሚነበብለት መልስ አይበቃውም። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ታካሚ ግን ይበቃዋል።

ወደ ባንጋሎሩ ልምጣ። የሰዓት ክፍያቸው እኛ ዘንድ ከሚከፈለው ከግማሽ በታች ነበር፤ ዋጋውን ያየ ሰው ሁሉ የሚጓጓው ለዚህ ነው። በሥራ ዝርዝራችን ላይ «ታካሚው ቀጠሮውን መሰረዝ ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። ሠሩት፤ በደንብም ሠሩት። ታካሚው ሐኪሙ ዘንድ ገብቶ፣ ታክሞ፣ ወጥቶም ቀጠሮውን መሰረዝ ቻለ፤ ሲሰርዘውም ጉብኝቱ ከነርሷ ዝርዝር ላይ ብን ብሎ ይጠፋል። አንድ ቀን እንኳ የክሊኒክ መቀበያ አጠገብ የተቀመጠ ፕሮግራመር «እስከ መቼ ነው የሚሰርዘው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እነርሱ ግን መቀበያውን አይተውት አያውቁም፤ ቢጠይቁም ጥያቄው መጀመሪያ ወደ አስተባባሪው፣ ከእርሱ ወደ እኛ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ነው የሚደርሳቸው። እኛ ምሳ በልተን ስንመለስ እነርሱ ቢሯቸውን ዘግተዋል። በሁለት ደቂቃ ወሬ የሚያልቅ ነገር ለነገ ያድራል። የሕንድ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ5 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይቀድማል፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት ደግሞ የስብሰባ ቀጠሮዎቻችንን ስታምስ ኖራለች።

ስለዚህ ሁሉንም ነገር አስቀድመን መጻፍ ግድ ሆነ። የጻፈችው ዋና መሐንዲሳችን ናት፤ የእርሷ ደመወዝ ደግሞ ርካሽ አይደለም። የእርሷን ሰዓት ሒሳብ ውስጥ ሳስገባው ከግማሽ በላይ ይሆናል ያልነው ቁጠባ ሩብ እንኳ አልሞላም። በመካከሉ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ፕሮግራመር ሌላ ድርጅት ገባ፤ አዲሱ እስኪለማመድ የቆየበት ሰዓት በእኛ ላይ ተቆጠረ። ውሉ ስለዚህ ምንም አይልም፤ ድርጅቱም ያለንግግር ሒሳቡን ላከ። በጣም ያናደደኝ ይህ ነው።

ውሉን ከመፈረማችን በፊት ጠበቃችን አንድ ነገር ይዞልናል። እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው የሕንድ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት መብቱ ሲተላለፍ የጊዜው ርዝመት በውሉ ካልተገለጸ አምስት ዓመት ብቻ እንደሆነ ይቆጠራል፤ የግዛት ወሰኑ ካልተገለጸም በሕንድ ውስጥ ብቻ እንደተሰጠ ይገመታል። የመጣልን ረቂቅ ሁለቱንም አይጠቅስም ነበር። «ለዘለዓለም» እና «በመላው ዓለም» የሚሉትን አስገባን፤ ኮዱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእኛ አካውንት ውስጥ እንዲቀመጥ አደረግን። የታካሚ መረጃ ደግሞ ወደዚያ አልሄደም፤ በፈጠራ ስሞች የተሞላ ዳታቤዝ ነበር የሰጠናቸው። ማኒላ ግን የቀጠሮ ስሞችን ስለምታይ የተለየ የምስጢር ጥበቃ ስምምነት አስፈርመናል።

ነጥብ ልስጥ ከተባለ ለባንጋሎሩ ከአምስት ሦስት እሰጣለሁ። ያለቀለት ዲዛይን ይዞ፣ ወሰኑ የታወቀ ሥራ ለሚያሠራ ሰው አራት ሊሆን ይችላል፤ ምርቱ ገና በየሳምንቱ ለሚቀያየርበት ግን ሁለትም ይበዛል። መተግበሪያውን አሁን ክሊኒክ ገብታ መቀበያው ላይ የምትቀመጥ ፕሮግራመር ቀጥረን ራሳችን ይዘነዋል። ለማኒላው አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት የወሩ ሒሳብ ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርሰን ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛችን ደግሞ የምትጮኸው በእኔ ላይ ነው።