እንግዶቻችሁ በክረምት ከመጡ፦ ሰሜን ተራሮች ወይስ ሐረር?

ሰኔ በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «ልጆቹ ትምህርት ጨርሰዋል፣ ሐምሌ ላይ ይመጣሉ፣ ወዴት ልውሰዳቸው?» ነው ጥያቄው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ረዘም ያለ ፈቃድ የሚያገኘው የእነሱ በጋ ሲገባ ነው። የእነሱ በጋ ደግሞ የእኛ ክረምት ነው። ጠያቂዎቼ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ጎንደርና ሰሜን ተራሮች፣ ሌላው ሐረር። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ በሐምሌና በነሐሴ ሐረር። ሰሜን ተራሮችን ጠልቼ አይደለም። እዚያ የከፈልኩትን ብር ጉም ስለበላብኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2011 ክረምት ነው። ታናሽ እህቴ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። ጎንደር ላይ ላንድ ክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራየን። ዋጋው ከሌሎቹ ቀነስ ስላለልኝ ደስ ብሎኝ ቀብድ ከፈልኩ። ጎማውን ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። የፊተኞቹ ደህና ናቸው፤ የኋላዎቹ ግን ጥርሳቸው አልቆ ልስልስ ብለዋል። ሹፌሩ «ችግር የለውም» አለ። ደባርቅን አልፈን ፓርኩ ውስጥ ስንገባ መኪናው ጭቃው ላይ ይንሸራተት ጀመር። ትንሽ እንደሄድን አንዱ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታውን ሲያወርደው እሱም ሁለት ቦታ የተለጠፈ ነው። ወደ ደባርቅ ተመልሰን ጎሚስታ ስናፈላልግ ግማሽ ቀናችን አለቀ። የቀኑ ኪራይ ግን ሙሉውን ተቆጠረ። የጎማ ማስጠገኛውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ «ብልሽት በተከራይ» የሚል ነገር ውሉ ላይ ነበረ፣ አላነበብኩትም።

ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር ካምፕ ሁለት ሌሊት አደርን። ጉሙ ገደሉን ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። የጅንባርን ፏፏቴ ቆመን ሰማነው፣ አላየነውም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ብቻ አላሳፈሩንም፤ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ሣር ይነጫሉ። ልጆቹ ዛሬም የሚያወሩት እሱን ነው። ዋልያ ግን የለም። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚነሳው ዳሸንማ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ለማሳየት አልቻልኩም።

ለገንዘብ የማስብበት ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ወጪው በቀን ይቆጠራል። መግቢያው፣ ስካውቱ (አብሮ የሚሄደው የፓርክ ጥበቃ)፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎው፣ መኪናው፣ የሹፌሩ አበል። ሰማዩ ተከፈተም ተዘጋም ሒሳቡ ያው ነው። ሐረር ላይ ግን የምትከፍሉት ላያችሁት ነገር ነው። ዝናብ ሲመጣ ቤት ገብታችሁ ቡና እየጠጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ሲያባራ ትወጣላችሁ። ማንም የቆመ ሰዓት አይቆጥርባችሁም። እኔ በዚያ ክረምት ሰሜን ላይ ለሦስት ቀን ያወጣሁትን በሌላ ጊዜ ሐረር ከወጣብኝ ጋር ሳስተያየው፣ የሐረሩ አውሮፕላኑ ተጨምሮበት እንኳ በአንድ ሦስተኛ ያንሳል። ያውም ሐረር የሄድነው አምስት ሆነን አራት ቀን ነው።

ሐረርም ይዘንባል። ግን እንደ ጎንደር ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስ ሰማይ አይደለም። ከተማዋ 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ይቀዘቅዛል እንጂ አያንቀጠቅጥም። በግንብ የተከበበው የድሮው ከተማ ጀጎል ደግሞ 48 ሄክታር ብቻ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ በዙሪያው፣ ጥንታውያኑ አምስት በሮች፣ ውስጡ 82 መስጊድና 102 የወሊዮች (የሙስሊም ቅዱሳን) መዘከሪያ ስፍራዎች። ሁሉም በእግር ነው፤ መኪና መከራየት አያስፈልግም። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበው ይኸው ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስቶ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ይግባ። ስሙ የመጣው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ወንዶቹ ልብስ ሰፊዎች ደጅ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ጨርቅ መርጣችሁ ከሰጣችሁ ቀሚስ ወይም ሱሪ እያያችሁ ይሰፉላችኋል። የእህቴ ልጅ ጠዋት ተለክታ ማታ ቀሚሷን ለብሳ ከግንቡ ውጭ ሰው ለጅብ ሥጋ ሲያበላ አየች።

ስለ ጅቡ፦ ዋጋውን ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኛን መጀመሪያ 3,000 ብር ጠሩብን፣ ለአምስታችንም 1,500 ተስማማን። የባጃጁን መመለሻና መቆያም አብራችሁ ቁረጡ፤ አለበለዚያ በጨለማ ከግንቡ ውጭ ቆማችሁ ነው የምትከራከሩት።

ማረፊያ ላይ ሆቴል አትፈልጉ። ጀጎል ውስጥ ጌ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት እንግዳ ይቀበላል። ደረጃ ደረጃ ሆኖ በቀይ አፈር የተቀባ መደብ፣ ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያ የተሰቀለ ስፌት። መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። ጠዋት ፈጢራ ከማር ጋር ከቀረበላችሁ ምሳ ድረስ ይይዛችኋል።

አሁን ደግሞ የተጃጃልኩበትን ልናገር። ስፌት። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ የሚያምር ሞሶብ ገዛሁ። ሻጩ «የሐረር የእጅ ሥራ» አለኝ። አዲስ አበባ ደርሶ አንድ ቀን እርጥብ እንጀራ ሲቀመጥበት ቀዩ ቀለም እንጀራው ላይ ታተመ። ሳምንት ሳይሞላ ጠርዙ መተርተር ጀመረ። የምትጠግንልኝ ሴት ዘርግታ አሳየችኝ፤ ውስጡ ስንደዶ ሳይሆን የተጠቀለለ ካርቶን፣ ላዩ የናይለን ክር። ለጥገና የጠየቀችኝ ከገዛሁበት ግማሹን ነበር። እና ስትገዙ አውራ ጣታችሁን በምራቅ አርጥባችሁ ቀለሙን ፈትጉት። ከዚያ ገልብጡት። እውነተኛው ጀርባውም እንደ ፊቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስትጫኑት አይሟሽሽም። ዋጋው ከሌላው በጣም ከረከሰ ምክንያት አለው። ቤታቸው ውስጥ የሚሰፉ እናቶች ጋ ከሄዳችሁ ስፌቱ ይወደዳል፣ ግን እየሰፉት ታያላችሁ፣ ብሩም ለእነሱ ይደርሳል።

መጓጓዣው ላይ ሁለቱም ቦታ አንድ ምክር አለ። እንግዶቻችሁ ከውጭ የመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጥ በረራው በእጅጉ ይቀንስላቸዋል። የመጡበትን ትኬት ይያዙ፣ ስትቆርጡም ጥቀሱት። ወደ ሐረር የሚያርፉት ድሬዳዋ ነው፤ ከዚያ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሚኒባስ አለ፣ ርካሽም ነው። ሻንጣ ለበዛበት ግን ለብቻው መኪና ኮንትራት መያዝ ይሻላል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ሰው መግቢያ ላይ ከመክፈሉ በፊት ያሳይ። በዶላር ዋጋ ሲጠሩባችሁ በብር ይሁንልን በሉ፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ስለሚንቀሳቀስ በዶላር የተነገረ ዋጋ ብር ሲሆን ያስደነግጣል።

«አክስቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጎንደርን ሳታይ መሄድ አትፈልግም» የሚለኝ አለ። ለእንዲህ ያለው አልከራከርም። በአውሮፕላን ትሂድ፣ መንገዱንም ቀድማችሁ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። የፋሲል ግንብን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ትይ። የሥላሴን ጣሪያ መላእክት ለማየት ዝናብ አይከለክልም። ወደ ተራራው ግን አትውሰዷት። ጥቢውን ጠብቃችሁ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ አየሩ ጠርቶ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ውጡ። ያኔ ሰሜን ተራሮችን ከሐረር አስቀድማለሁ።

ሁለት ቀን ብቻ ላለው ደግሞ ላንጋኖ ይበቃዋል። ውሃው ቡናማ ነው፣ ግን ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ልጆች ይዋኙበታል።

ሐረር የምትሄዱ ከሆነ የመጨረሻ ነገር፦ ሞሶቡን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ይጨፈለቃል። ክዳኑን ገልብጣችሁ ውስጡ አስገቡ፣ በነጠላ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙት። ትልቅ ከሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አየር መንገዱ በእጅ የሚፈቅደውን መጠን እዩ። እህቴ ሳታይ ገዝታ ድሬዳዋ ላይ ለተጨማሪ ጓዝ የከፈለችው ከሞሶቡ ዋጋ በለጠ።