«ኮዲ ከሮማን» ብለው ቅዳሜን ሸጡልኝ

የሬስልማኒያ፣ ማለትም የአሜሪካው ሬስሊንግ (የትግል ትርኢት) ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት፣ ትኬት ከግለሰብ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት «የትኛው ምሽት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ካልመጣላችሁ አትክፈሉ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ 1,100 ዶላር ከፈልሁ፤ ከሜሪላንድ ተነሥቼ ፊላደልፊያ ድረስ ነዳሁ፤ ልጄም ዓመት ሙሉ የጠበቀውን የቀበቶ፣ ማለትም የሻምፒዮና፣ ግጥሚያ ሳያይ ተመለሰ።

ጉዳዩ ሬስልማኒያ 40 ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 እና 7 ቀን 2024፣ ሊንከን ፋይናንሻል ፊልድ ስታዲየም። ሬስሊንግ ለማትከታተሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሮማን ሬይንስ የሚባለው ሰው ከ2020 ጀምሮ ቀበቶውን ታጥቆ አልፈታም ብሎ ነበር። ኮዲ ሮድስ በ2023 ሞክሮት እጁ ሊገባ ሲል አመለጠው። በዓመቱ ሁለተኛ ዕድል ሲሰጠው የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ «አባዬ፣ ይህንንማ በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለ። የትምህርት ቤት ውጤቱንም አሻሻለ። ቃል ገባሁ።

የተሸወድሁት ባለማወቄ ብቻ አይደለም፤ በሚያስቀው መልኩ በትዝታዬ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈር ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ፣ አንደርቴከር የሚባለውን ታጋይ በተበላሸ ካሴት እያየሁ ያደግሁ ነኝ። በእኔ ጭንቅላት ሬስልማኒያ የአንድ ሌሊት ነገር ነው። እውነትም በ1985 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሲጀመር እንደዚያ ነበር፤ እስከ 2019 ድረስም እንዲሁ ቆየ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ያለ ተመልካች ሲካሄድ ለሁለት ምሽት ተከፈለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አንድ አልተመለሰም። እኔ ይህን አላወቅሁም። ሻጩ ግን አሳምሮ ያውቃል።

ማስታወቂያውን ያየሁት ያገሬ ሰዎች መኪና፣ የሚከራይ ክፍልና የእንጀራ ምጣድ በሚሸጡበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። «ሬስልማኒያ 40፣ ፊላደልፊያ፣ ሁለት ትኬት፣ ኮዲ ከሮማን!» ይላል። ፎቶውም የቀበቶው ነው። ደወልሁ።

«ኮዲና ሮማን ይጋጠማሉ አይደል?»

«እንዴታ ወንድሜ! ዘ ሮክም አለ።»

ልብ በሉ፣ ሰውየው አንዲት ውሸት አልተናገረም። ቅዳሜ ማታ የመጨረሻው ግጥሚያ፣ ታጋይም የፊልም ተዋናይም የሆነው ዘ ሮክና ሮማን በአንድ ወገን፣ ኮዲና ሴዝ ሮሊንስ በሌላው ወገን ሆነው የተፋለሙበት የቡድን ግጥሚያ ነበር። ኮዲ ከሮማን ጋር ተፋልሟል። ዘ ሮክም ነበረ። የሌለው ቀበቶው ነው። የቅዳሜው ፍልሚያ የተዘጋጀው ለእሁዱ የሻምፒዮና ግጥሚያ ደንቡን ለመወሰን ነበር፤ የኮዲ ወገን ከተሸነፈ እሁድ ዳኛ የማይከለክለው፣ የሮማን ዘመዶች እየገቡ የሚደበድቡበት ግጥሚያ ይሆናል። ዘ ሮክ ኮዲን ጣለውና እንደዚያው ሆነ። እንግዲህ እኔ 1,100 ዶላር የከፈልሁት፣ የማላየው ግጥሚያ በምን ደንብ እንደሚካሄድ ሲወሰን ለማየት ነው።

«ሁለት ትኬት» የሚለውም ሌላ ወጥመድ ነው። ለእኔና ለልጄ፣ ለዝግጅቱ በሙሉ ብዬ ተረዳሁት። ሰውየው ያለው ሁለት ወንበር፣ አንድ ምሽት ነው። ትኬቶቹ ወደ ስልኬ የተላለፉልኝ ቅዳሜ ረፋድ፣ መንገድ ላይ ሆነን ነው። «ቅዳሜ» የሚል አነበብሁ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርሁም። የበሩን ቁጥር ብቻ አይቼ ስልኩን ኪሴ ከተትሁ።

እውነቱን የነገረን አጠገባችን የተቀመጠ የኒው ጀርሲ ሰው ነው። ከሁለት ልጆቹ ጋር መጥቷል። ልጄ ስለ ኮዲ ቀበቶ ሲጠይቀው «እሱ እኮ ነገ ነው፣ እናንተ ነገ አትመጡም?» አለው። የልጄን ፊት አላየሁም፤ ሆን ብዬ ወደ ሪንጉ ዞርሁ። ሰውየው የሁለቱን ምሽት ጥምር ትኬት ከመደበኛው ሻጭ በጊዜ ገዝቷል። ለአንድ ወንበር ለሁለቱም ቀን ያወጣው፣ እኔ ለአንዱ ቀን ካወጣሁት ያንስ ነበር።

ፍርድ እንዳላዛባ፣ ቅዳሜውም ቢሆን መጥፎ አልነበረም። ብርዱ አጥንት ቢሰብርም ሪያ ሪፕሊ ቤኪ ሊንችን አሸንፋ ቀበቶዋን ስታስጠብቅ፣ በመሰላል ላይ የተንጠለጠሉትን የቡድን ቀበቶዎች ለማውረድ ስድስት ቡድኖች ሲተራመሱ፣ በተለይም ሳሚ ዜይን ለ666 ቀናት ሻምፒዮን የነበረውን ጉንተርን ሲጥለው ልጄ ከወንበሩ ላይ ተነሥቶ ጮኋል። ቅዳሜ ተብሎ በቅዳሜ ዋጋ ቢሸጥልኝ ኖሮ አመስግኜ እመለስ ነበር።

ማታውኑ ለሻጩ ደወልሁ። ተረጋግቶ «ሬስልማኒያ ሸጥሁልህ፣ ሬስልማኒያ አየህ። ቅር ካለህ የእሁዱን በ900 አፈላልግልሃለሁ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

እሁድ ጠዋት ልጄን አይቼ አላስቻለኝም፤ ወደ ስታዲየሙ አካባቢ ተመለስን። አንድ ወጣት የሁለት ትኬት ፎቶ በስልኩ እያሳየ 300 ዶላር ጠየቀን። እጄ ወደ ኪሴ ገብቶ ነበር። አጠገባችን የነበረ የጥበቃ ሠራተኛ ጠራኝና ስልኬን አስወጥቶ የቅዳሜውን ትኬት አሳየኝ፤ ባርኮዱ ላይ የሚንቀሳቀስ መስመር አለ፣ ባርኮዱም በየጊዜው ይለዋወጣል። የተነሣ ፎቶ በር ላይ አይሠራም። ትኬት በመተግበሪያው ውስጥ ከሻጩ አካውንት ወደ እናንተ አካውንት ካልተላለፈ ትኬት አይደለም።

ወደ ቤት ነዳን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲጀመር ሶፋ ላይ ነበርን። ያን ጊዜ ፒኮክ በሚባለው የክፍያ አገልግሎት ላይ በወር 5.99 ዶላር ሁለቱም ምሽቶች በሙሉ ይታዩ ነበር። አዎን፣ አምስት ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም። ኮዲ አሸነፈ፤ የሮማን 1,316 ቀናት አበቁ። ከዚያ በፊት ግን መብራቱ ጠፋ፣ ደወሉ ተሰማ፣ መብራቱ ሲመለስ አንደርቴከር ሪንጉ ውስጥ ቆሟል። የቪዲዮ ቤቱ አንደርቴከር! ዘ ሮክን አንገቱን አንቆ አነሣና መሬት ላይ ጣለው። እስከዚያች ደቂቃ የተናደድሁት ለልጄ ብዬ ነበር።

ባለቤቴ «ትግሉ ራሱ ውሸት አይደል፣ ምን አዲስ ነገር ሆነ?» ትለኛለች። ልዩነቱ አልገባትም። ሪንጉ ውስጥ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ እንደተጻፈ ሁላችንም አውቀን፣ ለዚያው ከፍለን ነው የምንገባው። ለቴሌግራሙ ትያትር ግን ትኬት አልቆረጥሁም ነበር።

ገንዘቡንስ? ከባንክ ሂሳቤ ወደ ሂሳቡ በቀጥታ ስለላክሁት ባንኩ «ራስዎ ፈቅደው ነው የላኩት» ብሎ ሸኘኝ። እንዲህ ያለ ዝውውር ጥሬ ገንዘብ እንደመስጠት ነው። በክሬዲት ካርድ ብከፍል ኖሮ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው የካርዱ ሂሳብ መግለጫ ከተላከልኝ ጊዜ አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መከራከር እችል ነበር። ክሬዲት ካርድ የማይቀበል ሻጭ ለምን እንደማይቀበል ራሳችሁ ገምቱ።

ሳዑዲ ዓረቢያ ላላችሁ ወገኖችም ልጨምር። ሬስልማኒያ 43 በ2027 ሪያድ እንደሚካሄድ ተነግሯል። ለልጆቻችሁ ወይም ለአሠሪዎቻችሁ ልጆች ትኬት ፈልጉ ትባሉ ይሆናል። በዚያ ወቅት የቴሌግራም ቡድኖቻችሁ በቀበቶ ፎቶ መሞላታቸው አይቀርም።

የእኔው ሻጭ ሥራ አልፈታም። በቅርቡ ያንኑ ቡድን ስከፍት አዲስ ማስታወቂያ አየሁ፤ ያው የቀበቶ ፎቶ፣ ያው «ሁለት ትኬት»፣ ቀን የለውም። በባለቤቴ ስልክ ጻፍሁለት፤ «ወንድሜ፣ የትኛው ምሽት ነው?» መልእክቱን አንብቦታል። እስካሁን አልመለሰም።