ኤክስፒን በማክቡክ ላይ፦ አንድ የደሴ ራፖር ጸሐፊ ስለ ዩቲኤም

ዩቲኤም ማክ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ፈጥሮ የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። እኔ የምፈልገው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ኤም 1 ቺፕ ባለው ማክቡክ ኤር ላይ ዊንዶውስ ኤክስፒን አስነስቼ የድሮ የአማርኛ ፋይሎቼን መክፈት። ለዚህ ጉዳይ አንጀቴን አርሶኛል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አቤቱታ ልጻፍበት ለሚል ሰው ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ክስ፣ መልስና ይግባኝ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር የዞርኩት በፔንቲየም ፎር ዘመን ነው፤ ያኔ እንደ ሙያ ጓደኞቼ ሁሉ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ዴስክቶፑ ብዙ አገልግሎኝ ባለፈው ክረምት አልነሳም አለ። ጥገና ቤት ወስጄው ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አብጠው አሳዩኝ። ሀርድ ዲስኩ ደህና ስለነበር ፋይሎቹን በኬብል አወጡልኝ። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ማክቡክ ቤት ተቀምጧል፤ እንግዲህ ፋይሉም ኮምፒውተሩም አለኝ ብዬ ተረጋጋሁ።

የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ዳኛ ሐጂ አንድ ቀን መጡ። የቅሬውን መተዳደሪያ ደንብ በ1998 ዓ.ም. የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ አሁን የመዋጮው አንቀጽ እንዲሻሻል ተስማምተዋል። ፋይሉን ማክቡኩ ላይ ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ አናቱ ላይ ሰረዝ ያለው የፈረንጅ ፊደል ተደርድሯል። ሐጂ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉና «ይኼ ነው የኛ ደንብ?» አሉኝ።

«አብሽሩ ሐጂ፣ ደንቡ አለ። ማንበቢያው ነው የጠፋው።»

«እንግዲያ ማንበቢያውን ፈልግልና!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒኮድ፣ የየአገሩ ፊደል በኮምፒውተር ላይ የየራሱን መቀመጫ የሚያገኝበት ሥርዓት፣ የግዕዝን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። የቀደሙት የአማርኛ ፕሮግራሞች ግን ፊደላችንን የላቲኑ መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። አንድ ፎንት ከ256 በላይ መቀመጫ አልነበረውም፤ የኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነአኃዙና ከነነጥቡ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ አንዱን ጽሑፍ ለተለያዩ ፎንቶች እያከፋፈሉ ይጽፉት ነበር። ፎንቶቹ በሌሉበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ይገፈፍና ከሥሩ ያለው የላቲን መቀመጫ ብቻ ይቀራል። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ እኛ ጸሐፊዎች በለመድነው መንገድ ብዙ ዓመት ቀጥለናል፤ ደሴ ውስጥ በየጽሕፈት ቤቱ ፍላሽ ላይ ስንት ውልና ስንት ደንብ እንደዚህ ተቆልፎ እንዳለ አላህ ይወቀው። «ፎንቱን ብቻ ማክ ላይ ጫንና አንብብ» ያሉኝ ነበሩ። ማንበቡ ይሆናል። አንቀጽ ልጨምር ስል ግን ኪቦርዱን ወደ አማርኛ የሚያዞረው ፕሮግራም የዊንዶውስ ነው፤ ማክ ላይ አይጫንም።

ዩቲኤምን ያመጣልኝ የወንድሜ ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይጠይቀናል። ከራሱ ከፕሮግራሙ ድረ ገጽ ሲወርድ ነፃ ነው። አፕ ስቶር ላይ በ10 ዶላር ገደማ የሚሸጠው ያው ራሱ ነው፤ ልዩነቱ ራሱን በራሱ ማዘመኑና ገንዘቡ ሠሪዎቹን መደገፉ ነው። የዶላር ካርድ ከየት መጥቶ! ነፃውን ወሰድን። ዊንዶውሱን ግን አብሮ አይሰጥም፤ የራሳችሁ ሲዲና ቁልፍ ያስፈልጋል። የኔ ኤክስፒ ሲዲ ከነቁልፉ ካርቶን ውስጥ ነበር። ማክቡኩ ሲዲ ማስገቢያ ስለሌለው ጎረቤቴ ያለ ዴስክቶፕ ላይ ወደ አይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም ሲዲውን እንዳለ ወደያዘ አንድ ፋይል፣ ቀየርነው።

አዲስ ማሽን ልፍጠር ስትሉ ሁለት ቁልፍ ይመጣላችኋል፤ ቨርቹዋላይዝ እና ኢሙሌት። ጣጣው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ኤም 1 የሚያውቀው አርም የሚባለውን የትእዛዝ ቋንቋ ነው። ኤክስፒ የተጻፈው ደግሞ ኤክስ86 ለሚባለው፣ ኢንቴልና ኤኤምዲ ለሚሠሩት ቺፕ ነው። ሁለቱ አይግባቡም። ችሎት ላይ አፋን ኦሮሞ ብቻ ለሚናገር ተከራካሪ አስተርጓሚ እንደሚቆምለት ሁሉ እዚህም አስተርጓሚ ይቆማል። ዩቲኤም የሚያቆመው አስተርጓሚ ኪው-ኢሙ ይባላል፤ ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ነው። የኤክስፒን ትእዛዝ በቁራጭ በቁራጭ እየተቀበለ ወደ አርም ይመልሳል፤ የመለሰውንም ይይዘዋል፣ ያው ቁራጭ ሲደገም ድጋሚ አይለፋም። ኢሙሌት ማለት ይኼ ነው። ቨርቹዋላይዝ ደግሞ እንግዳውም ባለቤቱም አንድ ቋንቋ ሲናገሩ ነው፤ አስተርጓሚ የለም፣ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ኮምፒውተር ብዙ አይርቅም። ኤም 1 ላይ በቨርቹዋላይዝ የሚነሳው ለአርም የተዘጋጀ ሲስተም ብቻ ነው፤ ለኤክስፒ የግድ ኢሙሌት ነው።

«ማክ የራሱ ሮዜታ አለው አይደል?» ለምትሉኝ፣ ሮዜታ 2 የሚተረጉመው ለኢንቴል ማክ የተጻፉ የማክ ፕሮግራሞችን ነው፤ ዊንዶውስን አያስነሳም። በኢንቴል ማኮች ላይ ዊንዶውስን በቀጥታ ያስጭን የነበረው ቡት ካምፕም ከኤም 1 ጀምሮ የለም።

የዩቲኤም ድረ ገጽ ላይ ለኤክስፒ የተዘጋጀ ቅንብር ስላለ ከባዱን ነገር እሱ ሠርቶታል። ራም 512 ሜጋባይት ሰጠነው፤ ለኤክስፒ ይበቃዋል። ዲስኩን 10 ጊጋባይት አልነው፣ ፋይሉ ግን በተጠቀማችሁት ልክ ነው የሚያድገው። መጫኑ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከዙሁር በኋላ ጀምረን የአስር አዛን ሲባል ያ የኤክስፒ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማይ ብቅ አለ። የወንድሜ ልጅ ሳቀ። እሱ ሲወለድ እኔ በዚህ ምስል ፊት ተቀምጬ ነበር የምጽፈው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ኤክስፒው ተነስቶ እስኪደላደል ሻይ ይጠጣል። ዎርድ 2003 ሲከፈት ያቃስታል፤ ከተከፈተ በኋላ ይፈታል። ስጽፍ ጣቴ ይቀድማል፣ ፊደሉ ይከተላል፤ በሁለት ጣት ለሚለቅም ሰው ላይታወቀው ይችላል፣ ታይፕ ላይ ላደገ እጅ ግን ያናድዳል። ገጽ ቁልቁል ስታወርዱ መስመሮቹ ተራ በተራ ይሳላሉ። ማክቡክ ኤር ፋን ስለሌለው ድምፅ አይሰማም፣ ታቹ ግን ይሞቃል። ለደሴ ብርድ መጥፎ አይደለም። ባትሪውን ግን ይበላዋል፤ መብራት በጠፋ ቀን ኤክስፒውን አላስነሳም። ቅንብሩ ውስጥ ብዙ ኮር በግድ አሠራ የሚል ምርጫ አለ፤ ኤክስ86 እና አርም የሜሞሪ ሥርዓታቸው ስለሚለያይ ሲስተሙን ሊያናውጠው ይችላል፣ አትንኩት።

ማውሱ አንዴ ኤክስፒው ውስጥ ከገባ ይታሰራል። ኮንትሮልና ኦፕሽን አንድ ላይ ሲጫኑ ይፈታል። 

ፋይል ማስገባትና ማስወጣቱ ላይ ቆዩ፣ ሥራው እዚያ ነው። ከማክ ወደ ኤክስፒ ለማስገባት ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር ወደ አይኤስኦ ቀይሬ እንደ ሲዲ አስገባለሁ፤ አስተማማኝ ነው። ለማስወጣት ከመስኮቱ አናት ባለችው የዩኤስቢ ምልክት ፍላሹን ለኤክስፒው አሳልፌ እሰጣለሁ። ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት ይደረግ፤ ኤክስፋት የሆነውን ኤክስፒ እንዲሁ አያውቀውም። ለአዲሱ ፕሪንተር የኤክስፒ ድራይቨር አይገኝም። ስለዚህ ኤክስፒው ላይ የድሮ ፒዲኤፍ መሥሪያ ጭኛለሁ፤ ፒዲኤፉ ፎንቱን አብሮ ይዞ ስለሚወጣ ማክቡኩም ፕሪንተሩም ሳይሳሳቱ ያወጡታል።

የሐጂ ደንብ በዚህ መንገድ ተከፈተ። «መተዳደሪያ ደንብ» የሚለው ርእስ መሐል ላይ ከነሥሩ መስመር፣ ቀጥሎ የአባላት ግዴታ፣ ቀጥሎ ድንኳንና ዕቃ ያጎደለ ሰው የሚከፍለው። አንቀጹን አሻሽዬ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ፣ አትሜ ሰጠኋቸው። ማኅተማቸውን እዚያው አወጡ።

ኤክስፒ ከማይክሮሶፍት የደኅንነት ማሻሻያ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። ኔትወርክ ካርዱን ከቅንብሩ ላይ አውጡት። የድሮ ፍላሽ ላይ ያለ ቫይረስም ከዚያች መስኮት አልፎ የሚሄድበት መንገድ ይጠብበታል።

ኮምቦልቻ ያለ የሒሳብ ባለሙያ ወዳጄ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም በዚህ ላይ ላሠራ ወይ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። አይ፣ አልኩት። ከሥሩ ዳታቤዝ ያለው ከባድ ፕሮግራም በአስተርጓሚ አይገፋም፤ ያገለገለ ኢንቴል ላፕቶፕ ግዛበት። ለአርም የተዘጋጀው ዊንዶውስ 11 በቨርቹዋላይዝ ፈጥኖ ይነሳል፣ የድሮ ተራ ፕሮግራሞችንም ራሱ ይተረጉማል፤ ድራይቨር የሚፈልግ ነገር ሲመጣ ግን እዚያም ይቆማል። ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዩቲኤም አያስፈልጋችሁም፤ ቨርቹዋልቦክስ ኤክስፒን ያለ አስተርጓሚ ያስነሳላችኋል፣ እሱም ነፃ ነው።

አንድ የወደድኩት ነገር፣ ያ ሙሉ ኮምፒውተር ከነኤክስፒው፣ ከነፎንቱ፣ ከነዎርዱ አንድ ፋይል ሆኖ ነው ማክቡኩ ውስጥ የሚቀመጠው። ዘግቼ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አደረግኩት፤ ዩቲኤም ባለበት ሌላ ማክ ላይም ተከፍቶ ይነሳል። ለዚህ ሁሉ ከኪሴ የወጣው የሀርድ ዲስኩ ዋጋና ለወንድሜ ልጅ የትራንስፖርት ብር ነው።